ወረታ ተቀምጦ አዲስ አበባ መግዛት

የፎገራ ሜዳ ሩዝ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል። ተወቅቶ በጆንያ ወረታ ወዳሉት መፈልፈያዎች ሲጓዝ የገበሬው እጅ ገንዘብ ያያል። በቁሐር ሚካኤልም ሆነ በአጎራባች ቀበሌዎች ልጅ የሚዳረው፣ ቤት ቆርቆሮ የሚለብሰው፣ ያረጀ በሬ የሚለወጠው በዚህ ወቅት ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በዚህ ላይ ኤሌክትሮኒክስ ተጨምሯል። የአባት ባለቁልፍ ስልክ ይቀየራል፤ ኮሌጅ የገባ ልጅ ላፕቶፕ ይጠይቃል፤ መብራት ያልገባበት ቤት ለአምፖልና ለስልክ መሙያ የሚሆን ሶላር ይፈልጋል።

ወረታ ለዚህ ገበያ ባዳ አይደለችም። ከባሕር ዳር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የጎንደሩ መንገድ ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ በሚገነጠልበት ቦታ የቆመች የንግድ ከተማ ናት። ደረቅ ወደብም አላት። በሱቆቿ ቴክኖ፣ አይቴልና ኢንፊኒክስ አይጠፉም፤ ሦስቱም ትራንሽን የተባለው የቻይና ኩባንያ ምርቶች ሲሆኑ፣ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2011 ኢትዮጵያ ውስጥ የስልክ መገጣጠሚያ ከፍቷል። ይሁንና የወረታ ሱቅ መደርደሪያ ጠባብ ነው። ሦስት ወይም አራት ዓይነት ስልክ ተሰልፎ ይታያል፤ የተፈለገው ቀለም ወይም የተፈለገው ሚሞሪ ከሌለ "በሚቀጥለው ሳምንት ከባሕር ዳር ይመጣል" ይባላል።

በሌላ በኩል ቴሌግራም አለ። አንድ ወጣት ስልኩን ከፍቶ የመርካቶንና የቦሌን ሱቆች በአንድ ጣት ያገላብጣል። አንዱ ቻናል ብቻ በቀን ብዙ አዳዲስ ፎቶዎችን ይለጥፋል፤ ነጋዴው ተከታዮቹን "ውድ ቤተሰቦቻችን" እያለ ይጠራል፤ ዋጋውም ብዙውን ጊዜ ወረታ ከሚባለው ያነሰ ነው። ሱቁ ግን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነው ያለው። ገንዘቡ በሰከንድ ይደርሳል፤ እቃው የሚመጣው ቀናት ቆጥሮ ነው። ርካሽ ዋጋ ማግኘት ዛሬ ማንም የሚችለው ነገር ሆኗል። ከባዱ ነገር ገንዘቡ ከእጅ ከወጣ በኋላ እቃው እስኪገባ ድረስ ባለው ጊዜ መሐል ላይ የሚቆመው ማን ነው የሚለው ነው።

ይህ ጥያቄ የኦንላይን ንግድ የትም ሲጀመር አብሮ የተወለደ ነው። በአሜሪካ ኢቤይ የተባለው የሽያጭ መድረክ እ.ኤ.አ. በ1995 ሲከፈት መሥራቹ ፒየር ኦሚድያር ከሸጣቸው የመጀመሪያ እቃዎች አንዱ የተበላሸ የሌዘር መጠቆሚያ ነበር፤ በ14 ዶላር ከ83 ሳንቲም ተሸጠ። ገዢው እቃው የማይሠራ መሆኑን አውቆ ነው የገዛው፤ ሻጩም አልደበቀም። በቻይና ደግሞ ታኦባኦ የተባለው የሽያጭ መድረክ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር ሰው የማያውቀውን ሻጭ አምኖ ገንዘብ ለመላክ ፈራ። መፍትሔው እ.ኤ.አ. በ2004 የመጣው አሊፔይ ነው። ገዢው ይከፍላል፤ ገንዘቡ ግን ለሻጩ ወዲያው አይደርስም፤ እቃው ደርሶ ገዢው "ተረክቤያለሁ" እስኪል ድረስ መሐል ላይ ተይዞ ይቆያል። የቻይናን የኦንላይን ገበያ ካሳደጉት ነገሮች አንዱ ይህ ቀላል አሠራር ነው።

እኛ ዘንድ ሻጭና ገዢን የሚያገናኘው አለ፤ ገንዘብ የሚያስተላልፈውም አለ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ ዛሬ ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች አሉት፤ የሳፋሪኮም ኤምፔሳም በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ተከትሎታል። የጎደለው መሐሉ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ያቋቋመው ዘመን ገበያ ሻጭን፣ ክፍያንና ማድረስን በአንድ መድረክ ለማሰባሰብ የሚጥር ጅምር ነው። እንደ ጂጂ ያሉት የማስታወቂያ መድረኮች ደግሞ ለገዢ የሚሰጡት ዋነኛ ምክር "እቃውን ሳታዩ አትክፈሉ" የሚል ነው። ትልቁ ንግድ ግን አሁንም በቴሌግራም ቻናል ነው የሚካሄደው፤ እዚያ ደግሞ በሻጩና በገዢው መካከል ከቃል በቀር የቆመ ነገር የለም።

የወረታ ሰው ይህን ክፍተት የሚሞላው በአደራ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የወንድም ልጅ፣ ሱቅ ተቀጥራ የምትሠራ አክስት፣ መንገዱን የሚመላለስ ሹፌር የሌለው ቤተሰብ ጥቂት ነው። ገዢው ወረታ ሆኖ ይመርጣል፤ የአዲስ አበባው ዘመድ ሱቁ ድረስ ሄዶ እቃውን ያያል፣ ይከፍታል፣ ይሞክራል። ክፍያው የሚላከው እቃው ዘመድየው እጅ ከገባ በኋላ ነው። ከዚያ በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ወይም በሚታወቅ ሹፌር እጅ ይላካል። አሊፔይ በኮምፒውተር የሠራውን ሥራ እዚህ የሚሠራው የሥጋ ዘመድ ነው። አሠራሩ ያረጀ ሊመስል ይችላል፤ ግን ዛሬ ባለው ሁኔታ ከዚህ የተሻለ መከላከያ የለም፤ ሊናቅም አይገባውም።

ይህ አደራ ደግሞ በከባድ ጊዜ ተፈትኗል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ሲቆይ ቻናል ማገላበጥ ቀረ፤ መንገዱም አስጊ ሆነ። በእነዚያ ወራት እቃ የፈለገ ሰው አዲስ አበባ ላለው ዘመዱ ደውሎ በቃል ከማስመረጥ በቀር ሌላ መንገድ አልነበረውም።

ዘመድ ሱቅ ሲሄድ ምን ይይ? ብዙው ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በቻናሎች ላይ በየቀኑ የሚታየውን ዓይነት ማስታወቂያ እንውሰድ። "ያልተከፈተ፣ 256 ጂቢ፣ ራም 16 ጂቢ፣ ኦሪጅናል፣ ዋጋ በውስጥ መስመር።" እዚህ አጭር መስመር ላይ ቢያንስ ሁለት ነገር መጠየቅ አለበት። የመጀመሪያው ራሙ ነው። ብዙዎቹ መካከለኛ ዋጋ ያላቸው ስልኮች ካርቶናቸው ላይ "8+8" የሚል ጽሑፍ አለባቸው። እውነተኛው ራም የመጀመሪያው 8 ነው። ሁለተኛው 8 ስልኩ ፎቶና ቪዲዮ ከሚያስቀምጥበት ማከማቻ ላይ ቆርሶ እንደ ራም የሚጠቀምበት ነው፤ ፍጥነቱ ከእውነተኛው ራም ጋር አይወዳደርም። ሻጩ ሁለቱን ደምሮ 16 ሲል ስልኩ ከሌላ እውነተኛ የ12 ጂቢ ስልክ የበለጠ ይመስላል። ገዢ ማወዳደር ያለበት ከመደመር ምልክቱ በፊት ያለውን ቁጥር ብቻ ነው።

ሁለተኛው "ዋጋ በውስጥ መስመር" የሚለው ነው። ይህ ልማድ የሆነው ሻጩ የገዢውን ሁኔታ እያየ ዋጋ ለመቁረጥ ስለሚያመቸው ነው። ከክፍለ አገር የሚጽፍ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠራለት ዋጋ የተለየ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የሚሸጠውን እቃ ዋጋ በግልጽ እንዲያሳውቅና ለሸማቹ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያዛል። ስለዚህ ዋጋውን አደባባይ ላይ የጻፈ ቻናል ከማይጽፈው ይሻላል፤ አንዳንድ ጊዜ ትንሽ ቢወደድም እንኳ። ዋጋ የሚደብቅ ነጋዴ ሌላም ነገር ሊደብቅ ይችላል።

ላፕቶፕ ላይ ያለው ወጥመድ ደግሞ "ኮር አይ 5" የሚለው ቃል ነው። በአዲስ አበባ ከሚሸጡት ያገለገሉ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች ተጠቅመውባቸው የጣሏቸው ኤችፒ ኤሊትቡኮችና ዴል ላቲቲዩዶች ናቸው፤ ጠንካራ እቃዎች ስለሆኑ ብዙውን ጊዜ ከአዲስ ርካሽ ላፕቶፕ ይሻላሉ። ግን አይ 5 የሚባለው ስም ከ15 ዓመት በላይ ያገለገለ ስም ነው። ዕድሜውን የሚናገረው ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር ነው። አይ5-6300 ከሆነ ስድስተኛ ትውልድ ነው፤ አይ5-8350 ስምንተኛ፤ አይ5-10210 አሥረኛ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል በመደበኛነት የሚቀበለው ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ያለውን ነው። ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ለአራት ዓመት ለሚማር ልጅ ስድስተኛ ትውልድ ላፕቶፕ ዋጋው ስለቀነሰ ብቻ መግዛት ርካሽ አይደለም። ሻጩ ቁጥሩን ካልጻፈው የ"ሲስተም" ገጹን ፎቶ አንስቶ እንዲልክ መጠየቅ ነው፤ የማይልክ ከሆነ ሌላ ሻጭ ሞልቷል።

መብራት በሚቆራረጥበት ወይም ጭራሽ ባልገባበት ሰፈር ከስልኩ እኩል የሚፈለገው ፓወር ባንክ ነው፤ ብዙ ውሸት የሚጻፈውም እሱ ላይ ነው። አንድ እውነተኛ የ20,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ፓወር ባንክ በእጅ ሲያነሱት ይከብዳል፤ አብዛኛዎቹ ከ300 ግራም በላይ ይመዝናሉ። የሲጋራ ፓኮ የምታህል፣ እንደ ላባ የቀለለች እቃ ላይ "50,000" ተጽፎ ከታየ ጽሑፉ ውሸት ነው። ታማኝ አምራቾች ከጀርባው በደቃቅ ፊደል ሌላ ቁጥር ያትማሉ፤ በ5 ቮልት የሚሰጠው ትክክለኛ መጠን ማለት ነው። ውስጡ ያለው ባትሪ የሚለካው በ3.7 ቮልት አካባቢ ስለሆነ፣ ወደ 5 ቮልት ሲቀየር የሚባክነውም ስላለ፣ 20,000 ተብሎ የተሸጠው በተግባር የሚሰጠው 12,000 ወይም 13,000 ገደማ ነው። ይህን ደቃቅ ቁጥር ያልደበቀ አምራች ይታመናል። ሚሞሪ ካርድም እንዲሁ ነው። በጥቂት መቶ ብር የሚሸጥ "1 ቴራባይት" ካርድ ስልኩ ላይ 1 ቴራባይት ብሎ ይታያል፤ ግን ጥቂት ጊጋባይት ከሞላ በኋላ አዲሱ ፋይል አሮጌውን እየሰረዘ ይገባል። የሠርግ ቪዲዮ ለማስቀመጥ የገዛ ሰው ጉዳቱን የሚያውቀው ከወራት በኋላ ነው።

አይፎን ለሚፈልግ ደግሞ ራሱ ስልኩ የሚናገረው ነገር አለ። ሴቲንግ ውስጥ "ጄኔራል"፣ ከዚያ "አባውት" የሚለው ሲከፈት የሞዴል ቁጥሩ መጀመሪያ ላይ ያለው ፊደል ኤም ከሆነ አዲስ ሆኖ የተሸጠ ነው፤ ኤፍ ከሆነ ታድሶ የተሸጠ፤ ኤን ከሆነ በዋስትና ምትክ የተሰጠ። "ያልተከፈተ አዲስ" ተብሎ የተሸጠ ስልክ ኤፍ ካለ ነገሩ ግልጽ ነው። ከዚህም በላይ የሚያስፈራው የቀድሞው ባለቤት አካውንት ያልወጣበት ስልክ ነው፤ ያ ሰው የይለፍ ቃሉን ካላስገባ ስልኩ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ዘመድየው ሱቁ ውስጥ ሆኖ ስልኩ ላይ ያለውን ሁሉ ሰርዞ እንደ አዲስ ማስጀመር አለበት። ሻጩ ቢቸኩል እንኳ አሥር ደቂቃ መታገሥ ግዴታው ነው።

ሌላው የወረታ ሰው ገበያ ውጭ አገር ያለው ወገን ነው። በአሜሪካ የዓመቱ ትልቁ የኤሌክትሮኒክስ ቅናሽ የሚወጣው በኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ማግስት፣ ዓርብ ላይ ነው፤ እኛ ኅዳር ሚካኤልን ካከበርን ከቀናት በኋላ ማለት ነው። ያኔ የተገዛው እቃ ለገና ወይም ጎንደር ለሚከበረው ጥምቀት ከሚመጡ ሰዎች ጋር በሻንጣ ይገባል። መልካም አጋጣሚ ነው፤ ግን ላኪውም ተቀባዩም የሚረሷቸው ነገሮች አሉ። በአሜሪካ በጣም የሚረክሱት ስልኮች ብዙ ጊዜ ለአንድ የቴሌኮም ኩባንያ የተቆለፉ ናቸው፤ እዚህ ሲመጡ የኢትዮ ቴሌኮምም ሆነ የሳፋሪኮም ሲም አይቀበሉም። "አንሎክድ" የሚል ጽሑፍ የሌለበት ስልክ ከተገዛ ቅናሹ ትርጉም የለውም።

ቮልቴጁም አለ። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው፤ የአሜሪካው 120። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር ሲገለበጥ ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል "ኢንፑት 100-240" የሚል ከተጻፈበት ሁለቱንም ይችላል፤ የሚያስፈልገው የሶኬት መለወጫ ብቻ ነው። "120" ብቻ የሚል የፀጉር ማድረቂያ፣ መፍጫ ወይም የቡና ማሽን ግን ወረታ ደርሶ ግድግዳው ላይ በተሰካ ቅጽበት ሊቃጠል ይችላል። ፓወር ባንክ የሚልክ ሰው ደግሞ አየር መንገዶች በሻንጣ ውስጥ እንደማይፈቅዱት፣ በእጅ ቦርሳም ቢሆን ያለ ተጨማሪ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው መሆኑን ማወቅ አለበት።

ስለ ጊዜ ከተነሳ የምንዛሬውም ነገር አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የውጭ እቃ ሁሉ ተከትሎ ጨመረ፤ መጋዘን ውስጥ ቀድሞ የገባው ሳይቀር። ከዚያ ወዲህ ባለፈው ዓመት ጓደኛ የገዛበትን ዋጋ እያነሱ መደራደር ዋጋ የለውም። በሚገዙበት ሳምንት የሦስት አራት ቻናል ዋጋ አንድ ላይ ማየት ብቻ ነው የሚጠቅመው። ሦስቱ ተቀራራቢ ዋጋ ሲጠሩ አራተኛው በሩብ ያህል ከረከሰ፣ እሱ ርካሽ ሻጭ ከመሆኑ ይልቅ አታላይ የመሆኑ ዕድል ይበልጣል።

አታላዮቹ የሚሠሩባቸው መንገዶች ብዙ አይደሉም፤ ስለዚህ ለማወቅ አይከብድም። አንዱ የታወቀ ቻናል ስምና ፎቶ ቀድቶ አንድ ፊደል ብቻ ቀይሮ መክፈት ነው። ሁለተኛው ቀብድ ነው፤ "እቃው ሊያልቅ ነው፣ ትንሽ ቀብድ ላክና ልያዝልህ" ይባላል፤ ቀብዱ ከሄደ በኋላ ስልኩ አይነሳም። ሦስተኛው ሻጩን የሚጎዳ ነው። ገዢ ነኝ ባዩ የተቀነባበረ የክፍያ ማረጋገጫ ፎቶ ይልካል፤ ወይም ከተራ ቁጥር የቴሌብር መልእክት የሚመስል ጽሑፍ ይልካል። እውነተኛው የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠው ግን የራስን አካውንት ከፍቶ ቀሪ ሒሳብ ማየት ነው። የተከታይ ብዛትም አያታልል፤ ተከታይ ይገዛል። ቻናሉን ወደ ኋላ ጎትቶ የመጀመሪያው ልጥፍ መቼ እንደነበረ ማየት፣ የሱቁን አድራሻና ፎቅ ጠይቆ በቪዲዮ ጥሪ እቃውን ማየት የበለጠ ይናገራል።

ሁሉም እቃ ደግሞ ከሩቅ አይገዛም። 43 ኢንች ቴሌቪዥን በአውቶቡስ ሆድ ውስጥ በጆንያዎችና በሻንጣዎች መካከል ተጭኖ አባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ ወረታ ሲደርስ ስክሪኑ ተሰንጥቆ ቢገኝ ኃላፊነት የሚወስድ የለም። ቴሌቪዥን፣ ማቀዝቀዣና ትልቅ የሶላር ባትሪ ከባሕር ዳር ወይም ከወረታ መግዛት ይሻላል። ስልክም ቢሆን ስሌቱ መሠራት አለበት። የዘመዱ ታክሲ፣ የማድረሻው ክፍያ፣ እቃው ቢበላሽ ወደ አዲስ አበባ መልሶ የመላኩ ጣጣ ሲደመር ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ የወረታው ሱቅ ርካሽ ነው። የወረታው ነጋዴ ስልኩ በሳምንቱ ቢበላሽ "አምጣው፣ ልይልህ" ይላል፤ ገዢውም ሱቁን ያውቀዋል፣ ነጋዴውም የገዢውን ቤተሰብ። ያ የማይጻፍ ጋራንቲ ዋጋ አለው።

ከአዲስ አበባ የመጣውን እቃ መናኸሪያ ላይ ሲረከቡ እዚያው ከፍቶ፣ በሌላ ስልክ ቪዲዮ እየቀረጹ ማየት ያስፈልጋል። *#06# ሲደወል ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ባለ 15 አሃዝ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑ ይታያል። ካልገጠመ ስልኩ የሌላ ካርቶን ነው፤ ሻጩ በዚያው ሰዓት መነገር አለበት። ቁጥሩን ደብተር ላይ መጻፍም ጠቃሚ ነው፤ ስልኩ ቢሰረቅ ፖሊስ የሚጠይቀው እሱን ነው። ችግር ከተፈጠረ አዋጅ 813 ጉድለት ያለበት እቃ የተሸጠለት ሸማች እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ በቴሌግራም የተደረገ ውል ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ እንዳያጣ ያደርጋል። ስለዚህ ከሻጩ ጋር የተደረገው የጽሑፍ ልውውጥ፣ የዋጋው ፎቶ፣ የክፍያው ማረጋገጫ ቁጥርና ደረሰኙ መሰረዝ የለባቸውም። ገንዘቡ በቴሌብር የሄደ ከሆነ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ለኢትዮ ቴሌኮም በ994 መደወልና ለፖሊስ ማመልከት ነው።